በሦስት ድንኳን መካከል የተሸሸገችው አዛዥ

ናይሮቢ፣ ጥር 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልናታን፣

ከሁሉ በፊት ሊገባህ የሚገባው ይህ ነው፤ አዛዣችን መዋጋት አትችልም። በእጇ ያለው በትር እንጂ ሰይፍ አይደለም። አንድ ብርቱ ተፋላሚ ፊቷ ቆሞ በስም ከጠራትና ከወጣች ትሞታለች። በክለባችን ደንብ ደግሞ በአንድ ለአንድ ፍልሚያ የሞተች አዛዥ የገዳይዋ ንብረት ትሆናለች፤ ለዘለቄታው። የቀረውን ይህን ይዘህ አንብበው።

ሰላምታዬን ስላዘገየሁ ይቅር በለኝ። እንደምን ሰነበትክ? የሊሎንግዌ ዝናብ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። አያልነሽ ጧት ከሩንዳ ወጥታ ጊጊሪ መሥሪያ ቤቷ ትውላለች። ማታ ስትመለስ «አባዬ፣ ዛሬም ስለ ክብሪት ቀፎ ነው የምታስበው?» ትለኛለች። አዎ እላታለሁ።

«ብርሃነመስቀል እንዴት ሊያገኛት ቻለ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። በቅደም ተከተል ልንገርህ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁርሊንግሃም፣ ጌጤ ምግብ ቤት ጓሮ ባለችው ክፍል ተሰበሰብን። ብርሃነመስቀል የመኪና መለዋወጫ ሱቁን ለዘበኛው ትቶ፣ ለጨዋታው የሚያሰልፈውን ባለቀንድ የፈረሰኛ ምስል በመሐረብ ጠቅልሎ መጣ። እኔም ሦስቱን ድንኳኖች ጠረጴዛው ላይ በሦስቱ ጭፍሮቼ መሐል አስቀመጥኩ። ድንኳኖቹን ከክብሪት ቀፎ እንደሠራኋቸው ታውቃለህ፤ ቀለማቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ። አዛዧ ያለችው በአንዱ ብቻ ነው። በሁለቱ ውስጥ ጠጠር አለ፤ ጠጠሮቹንም በአያልነሽ የወጥ ቤት ሚዛን ከእሷ ክብደት ጋር አስተካክያቸዋለሁ። ተጋጣሚ ገምቶ ባዶ ድንኳን ፊት ከተጣራ ፈረሰኛው ተራውን ያጣል፤ ጦሬም ይከበዋል። ስለዚህ ገማች ሰው ይፈራል፤ ያመነታል።

ብርሃነመስቀል አላመነታም። ወደ ገዛ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ቀጥ ብሎ በግራ ወዳለው ድንኳን መጣና «እማማ፣ ይውጡ እንጂ!» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጋሻ ጃግሬው በእሷ ፋንታ ወጥቶ ወደቀ። ፈረሰኛው ዳግመኛ ሳይጠራት ሰዓታችን አለቀ እንጂ አብቅቶላት ነበር።

በኅዳር ያገኛት በቀኝ ነበር፤ ያኔም ጋሻ ጃግሬ ተተካላት። በታኅሣሥ እንደገና በግራ አገኛት፤ ያን ጊዜ እምቢ ብላ ወደ ኋላ አፈግፍጋ ተረፈች። እምቢታ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ጨርሰነዋል። በዕድል ነው እንዳትለኝ። ሦስት ድንኳን፣ ሦስት ጊዜ፤ ከሃያ ሰባት አንድ ነው። ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንተንም ናዝሬት ያስተማርኩህ ይህንኑ ነው።

ምደባውን የሚያውቁት እነማን ናቸው? እኔ አውቃለሁ። ቀደም ብዬ ስለምጽፍልህ አንተ ታውቃለህ። ደብዳቤውን በአውሮፕላን የሚያመላልሰው ሔኖክ ፖስታውን ከከፈተ እሱም ያውቃል። ለጊዜው ከዚህ በላይ አልልም። ሔኖክ ይህን ሲሰጥህ የፖስታው ክዳን እንዴት እንደነበር ጻፍልኝ። ከብርሃነመስቀልም ጋር ትገናኝ እንደሆነ ንገረኝ።

የአዛዧን ፊት በእናትህ በእትዬ ሙሉዓለም አምሳል የቀባኸው አንተ ነህ፤ ቅንድባቸው ላይ ያለችውን ጠባሳና የነጠላቸውን አረንጓዴ ጥለት ሳታስቀር። እናትህ ባረፉ በሦስተኛው ወር ወደዚያ ሲያዛውሩህ ለእኔ በአደራ ሰጠኸኝ። ብርሃነመስቀል ከመኪና ባትሪዎቹ በላይ የማረካቸውን አዛዦች የሚደረድርበት የመስታወት ሣጥን አለው። እሳቸው እዚያ ሲቆሙ ማየት አልፈልግም።

ባንታየሁ


ሊሎንግዌ፣ የካቲት 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ ባንታየሁ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? አያልነሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ፤ አንድ አውሮፕላን ተበላሽቶ እዚሁ አድሮብን ከተሳፋሪ ጋር ስንጨቃጨቅ ከረምን።

ፖስታው እንደታሸገ ነው የደረሰኝ። ሔኖክን አይጠርጥሩት ጋሼ። እሱ የራሱን የበረራ ፕሮግራም እንኳ አንብቦ አይጨርስም፤ «ነገ የት ነው የምሄደው?» ብሎ እኔን የሚጠይቅ ሰው ነው።

ከብርሃነመስቀል ጋር አልፎ አልፎ ስለ ሥራ ጉዳይ እንደዋወላለን። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም።

ስለ ጥበቃው ያሰብኩትን ልጻፍ። በሦስቱም ጭፍራ ውስጥ ጋሻ ጃግሬ ይኑር። አዛዧ ያለችበት ብቻ ጋሻ ጃግሬ ካለው እሱ ራሱ ምልክት ነው። ሌላው ደግሞ፣ የእሷን ጭፍራ ከሌሎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያቁሙት። እናቴ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ «ጀግናው ሁሉ ፊት ፊት ከሮጠ ቤቱን የሚዘጋው ማን ነው?» ትል የነበረው ትዝ ይልዎታል? እኛ በሳቅ እናልፈው ነበር፤ ግን ልክ ነበረች።

አደራዎን ጋሼ። ሌላ ምስል ቢማረክ ሌላ እቀባለሁ። የእሷን ፊት ግን እጄ ሁለተኛ የሚያወጣው አይመስለኝም።

አክባሪዎ ኤልናታን


ናይሮቢ፣ የካቲት 17 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለኤልናታን፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ስለ ጋሻ ጃግሬዎቹ የሰጠኸው ምክር ትክክል ነው፤ ከመጀመሪያውም የማደርገው ስለሆነ አላረምከኝም። ወደ ኋላ ማቆሙን ግን አልቀበለውም። ወደ ኋላ የቆመ ጭፍራ «እዚህ ነች» ብሎ እንደ መጮህ ነው።

ያለፈውን ፖስታ ክዳን የጠየቅሁህ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከማሸጌ በፊት በሙጫው ላይ አንድ ነጭ ክር አኑሬ ነበር። ሔኖክ ሲመለስ የፖስታውን ልባስ መልስልኝ ብዬ በቃል የላክሁብህ ለዚሁ ነው፤ ደርሶኛል። አንተ የቀደድከው ጎኑን ነው፤ ክሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። ስለዚህ ሔኖክ ነጻ ነው። አያልነሽ ክሩን በአጉሊ መነጽር ስመረምር አይታ «አባዬ፣ ጡረታ የወጣኸው ከትምህርት ቤት ነው ወይስ ከፖሊስ?» አለችኝ።

«ስለ ሥራ ጉዳይ እንደዋወላለን» ብለሃል። ብርሃነመስቀል የሚሸጠው የመኪና ሻማና ፍሬን ነው። አንተ የምትሠራው አየር መንገድ ነው። አውሮፕላን ፍሬኑን ከብርሃነመስቀል ሱቅ መግዛት ከጀመረ ንገረኝ፤ አያልነሽ በአውቶቡስ ትሂድ።

ባለፈው እሑድ ግጥሚያ ባይኖርም ጌጤ ቤት ተገናኘን። ብርሃነመስቀል ሽሮውን እየጠቀለለ፣

«ጋሼ፣ በሚቀጥለው ደግሞ የት ሊደብቋት ነው?» አለኝ።

«ልንገርህና ምን ልትጫወት?»

«ባይነግሩኝም አውቃለሁ።»

«ማን ነግሮህ?»

ጉሮሮው እስኪይዘው ሳቀ። ጌጤ «ተው አንተ፣ በጾም ሽማግሌ አታናድ!» ብላ ውኃ አቀበለችው። ሲስቅ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም፤ የሚያውቀውን የያዘ ተማሪ እንደዚያ ነው የሚስቀው።

ለሚመጣው ግጥሚያ ምደባዬ ይህ ነው፤ አዛዧን በመሐለኛው ድንኳን አቆማለሁ። ለማንም አትናገር።

ባንታየሁ


ሊሎንግዌ፣ የካቲት 23 ቀን 1996 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሔኖክ ሊሄድ ስለሆነ በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መሐለኛው? መሐል የቆመ ከሁለት ወገን ይጠራል ብለው የከለከሉኝ እርስዎ ነዎት። ምናልባት ያልገባኝ ነገር ይኖራል። እንዳሉት ይሁን። የጠየቁኝን የስልኩን ነገር ከፋሲካ በኋላ አጫውትዎታለሁ፤ አሁን አይመችም።

ኤልናታን


ናይሮቢ፣ መጋቢት 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለኤልናታን፣

በግልጽ እጽፍልሃለሁ፤ አንተም በግልጽ መልስልኝ።

መሐለኛው ድንኳን ውሸት ነበር። አውቄ ነው የጻፍኩልህ። ብርሃነመስቀል ወደ መሐለኛው ቢመጣ ምስጢሩ የወጣው ካንተ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ሰው አልነገርኩምና። አዛዧን በቀኝ አቆምኳት። ይህን የምናውቀው እኔና ፈጣሪ ብቻ ነበርን።

በቀኝ መጣ። ደግሞም ሳያመነታ። «እማማ፣ ዛሬስ አይቀርም!» አለ። ጋሻ ጃግሬው ወጣ፤ ወደቀ። በሚቀጥለው ተራ እንደገና ጠራት። እምቢታችን አልቋልና መውጣት ግድ ሆነባት። ድንኳኑን እኔው ከፈትኩት። ብርሃነመስቀል ለመግደል በሚጥለው ዳይስ አራት ነጥብ ይበቃው ነበር፤ ሦስት ወጣለት። ከዚያ ወዲያ ሰዎቼ ደርሰው ከበቡት እንጂ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ዕቃዬን ስሰበስብ እሱ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞዎት ጋሼ፣ ዳግም ትንሣኤ እንገናኛለን» አለኝ። የዓመቱ የመጨረሻ ግጥሚያ ያን ዕለት ነው።

እንግዲህ ደብዳቤዬን አላሳየኸውም። ይህን እመሰክርልሃለሁ። ነገሩ ግን በዚህ አያልቅም። ደብዳቤዬን ባትሰጥም ልማዴን ልትሰጥ ትችላለህ። ሳስብ የትኛውን እንደምመርጥ፣ ስደክም ወደ የት እንደማደላ ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሦስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረን አዝዘናል።

እንዲህ የምለው በባዶ አይደለም። ከግጥሚያው በፊት የብርሃነመስቀል ስልክ ጮኸና ወደ ጓሮው ወጣ። መስኮቱ ክፍት ነበር። «ኤልናታን፣ አታስብ። ጋሼ እስካሁን አልሰሙም። እንደተነጋገርነው እጨርሰዋለሁ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ሲመለስ ማን እንደደወለ ጠየቅሁት። «ደንበኛ ነው» አለኝ።

ምንድን ነው ያልሰማሁት? ምኑን ነው የሚጨርሰው? ምስሏ የእናትህ ፊት ናት፤ ያንተ ናት። ልትሰጠው ከፈለግህ ስጠው፤ እኔን ግን በሦስት የክብሪት ቀፎ ፊት አታስቀልድብኝ።

ባንታየሁ


ሊሎንግዌ፣ መጋቢት 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ባንታየሁ፣

ሰላምታዬ ካጠረ ይቅር ይበሉኝ።

ያልሰሙት ነገር የእናቴ የመቃብር ድንጋይ ነው። ለሙት ዓመቷ እንዲደርስ ብርሃነመስቀል ድንጋይ ጠራቢ ፈልጎ፣ እየተቆጣጠረ ሊያስቆምልኝ ቃል ገብቷል። ለእርስዎ ያልነገርኩት ሁለት ምክንያት ስለነበረኝ ነው። አንደኛው ጉልበትዎ ነው፤ ያንን ዳገት ሊወጡ ይነሡ ነበር። ሁለተኛውን ሳልደብቅ ልጻፍ። ድንጋዩ በመስመር አልቆመም ብለው ሦስት ጊዜ ያስፈርሱት ነበር። ለፋሲካ አልቆ ሲያዩት ደስ እንዲልዎ ነበር ምኞቴ። «አልሰሙም» ያለው ይህን ነው። የሚጨርሰውም ይህንን ነው።

ስለ ጨዋታው ደግሞ ለማንም አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ውሸት ጽፈው ፈትነውኛል። ተማሪዎ በነበርኩ ጊዜም ሲፈትኑን ወረቀቱን ፊት ለፊታችን ነበር የሚያስቀምጡት።

ብርሃነመስቀል እንዴት እንደሚያውቅ ግን ደጋግሜ አሰብኩበት፤ ደረስኩበትም መሰለኝ። እናቴ ክለቡ ስትመጣ ሻይ የሚያቀብሏት እርስዎ ነበሩ። ሁልጊዜ በቀኝ እጅዎ ይዘው በግራዎ የቀኝ ክንድዎን ደግፈው፣ ትንሽ ጎንበስ ብለው። ለጌጤም ለእኔም እንደዚያ አያቀብሉም፤ ለእሷ ብቻ፣ ታላቅዎ ስለነበረች። አሁን ሦስቱን ድንኳኖች ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ራስዎን ይመልከቱ። ጠጠር ያለባቸውን በአንድ እጅ፣ እሷ ያለችበትን ክንድዎን ደግፈው የሚያስቀምጡ ይመስለኛል። ብርሃነመስቀል ነጋዴ ነው፤ የሰው እጅ ማየት ኑሮው ነው።

ልክ ከሆንኩ እናቴን ከመስታወት ሣጥኑ ያድኗት። ከመጨረሻው ግጥሚያ በኋላ ግን በሔኖክ በኩል ይላኩልኝ። ከእንግዲህ ምደባዎንም ባይጽፉልኝ እመርጣለሁ። የማላውቀውን አወጣ ተብዬ ልጠረጠር አልችልም።

ኤልናታን


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤልናታን፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። አዛዧ ደህና ናት። አሁን ይህን ስጽፍ ከመብራቱ ሥር ቆማ ታየኛለች።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ሦስቱን ድንኳኖች ምግብ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ አያልነሽን ጠራኋት። እሷን የት እንደደበቅሁ ሳልነግራት አስቀመጥኳቸው። «የቱ ነው?» አልኳት። ስልኳን እንኳ ከጆሮዋ ሳታነሣ ጠቆመችኝ። ደገምኩት፤ አሁንም አወቀች። «ምኑ ይከብዳል? አንዱን እንደ ሰው ነው የምታስቀምጠው» አለችኝ።

መድኃኒቱ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ሦስቱንም በአንድ እጅ ማስቀመጥ። ብዙ ተለማመድኩ፤ አልሆነም። ጠጠሮቹ ላይ እጄ ይታዘዘኛል። የእሷ ተራ ሲደርስ ግራ እጄ ሳልጠራው ተነሥቶ ክንዴን ይይዛል። አንድ ጊዜ ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሞከርኩ። እናትህን በአንድ እጅ ብርጭቆ ያቀበልኳቸው ያህል አፈርኩ፤ ተውኩት።

ስለዚህ በዳግም ትንሣኤ ሁሉንም በሁለት እጅ አስቀመጥኩ። ሦስቱን ድንኳኖች ብቻ አይደለም፤ ጋሻ ጃግሬዎቹን፣ ጦረኞቹን፣ ነጋሪት መቺውን፣ አንድ በአንድ፣ ክንዴን ደግፌ፣ ጎንበስ እያልኩ። ክፍሉ ተነጫነጨ። ብርሃነመስቀል «ጋሼ፣ ቅዳሴው እኮ ጧት አልቋል!» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በቀስ ሲባል እንዲህ ነው እንዴ? ሱቄን ልከፍት ነው፣ ነገ ሰኞ ነው» አለ። ጌጤ ምሳውን ሁለት ጊዜ አሞቀች። እኔ አልቸኮልኩም።

ፈረሰኛው ለመጀመሪያ ጊዜ አመነታ። አንዴ ግራውን፣ አንዴ ቀኙን አየ። ከዚያ በቀኝ መጥቶ «እማማ» ብሎ ተጣራ፤ ድምፁም እንደ ወትሮው አልነበረም። ድንኳኑን ከፈትኩለት። ጠጠር ነው። ሰዎቼ ከበቡት፤ የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ።

ብርሃነመስቀል ጠጠሩን በጣቱ እያገላበጠ፣ «ማን ነገረዎት?» አለኝ።

«ልጇ» አልኩት።

ሳቁን ተወና አየኝ። ከዚያም «እንግዲያው ይነሡ፣ የማሳይዎት ነገር አለ» ብሎ በመኪናው ወሰደኝ። ዳገቱን ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ድንጋዩ ያምራል። ወደ ግራ በጥቂቱ ያዘነበለ መሰለኝ። ብርሃነመስቀል አፌን አፌን ሲያይ ነበር። ምንም አልተናገርኩም።

የመጋቢቱን ደብዳቤዬን በልቤ ደግሜ ተመለከትኩት። ስሌቱ አልተዛነፈም፤ የተሳሳተው መነሻው ነው። ምስጢሩን ከሚያውቁት መሐል ገዛ እጄን አልቆጠርኩም፤ በእጄ ፋንታ አንተን ቆጠርኩ። ይቅር በለኝ። ደግሞም አንተ ተበድለህ እንኳ መፍትሔውን ጽፈህ ላክህልኝ። ወረቀቱን ፊት ለፊትህ አስቀምጬ ልፈትንህ ይገባ ነበር።

አሁን ስለ መላኳ። እንዳዘዝከኝ በጥጥ ጠቅልዬ፣ በሣጥን አድርጌ፣ ትናንት ሔኖክን አያልነሽ ቤት በር ላይ ጠበቅሁት። ሰጠሁት። በአንድ እጁ ተቀበለኝና፣ ሌላው እጁ ስልክ ይዞ ስለነበር፣ ሳያያት ከጫማዎቹ ጋር ቦርሳው ውስጥ ወረወራት። «ሔኖክ፣ ቆይ» አልኩት። መልሼ ወሰድኳት። ምን እንዳጠፋ እስካሁን አልገባውም፤ ምናልባት እኔን እየጠረጠረ ነው።

ይህን ደብዳቤ ግን ለእሱው ነው የሰጠሁት። ፖስታውን አላሸግሁትም፤ ክርም የለውም። ለሚመጣው ዓመት የመጀመሪያ ግጥሚያ አዛዧን በግራ አቆማለሁ፤ እውነቱን ነው። አስተያየትህን እፈልጋለሁ።

ምስሏን በሌላ ሰው እጅ አልልካትም። የሙት ዓመታቸው ግንቦት ላይ ነው፤ ድንጋዩንም አላየኸውም። ራስህ መጥተህ ከእጄ ትቀበላት እንደሆነ፣ ወይስ እዚሁ ትቆይ እንደሆነ፣ ሔኖክ በሚመለስበት በረራ ቶሎ ጻፍልኝ።

ባንታየሁ